ሾንኬና በዱር የተዋጡት የኢፋት ቅጥሮች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው፥ ሸዋ ሮቢትን፥ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ከሚሴ እስኪገባ ድረስ፥ በግራው የመንዝንና የአንጾኪያን ገደል፥ በቀኙ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ወደ አፋር በረሓ የሚወርዱትን ኰረብቶች እያየ ይሄዳል። የመንገደኛው ዐይን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በሰንበቴ ገበያ ግርግር ወይም የቦርከና ወንዝ በሚያጠጣው በጨፋ ለምለም ሜዳ ላይ ነው። ኰረብቶቹን ልብ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ሆኖም የዚያ አገር የጥንት ታሪክ ከሜዳው ይልቅ በኰረብቶቹ ራስ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የተጻፈበትም ቀለም ድንጋይ ነው። ከእነዚህ የድንጋይ ቅጥሮች አብዛኞቹ በግራርና በቁልቋል ተውጠው ከሩቅ ሲታዩ የተፈጥሮ ጉብታ ይመስላሉ። አንዱ ግን፥ እርሱም በዐማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በደዋ ጨፋ ወረዳ ያለው ሾንኬ፥ እስከ ዛሬ የሰው ጢስ የሚታይበት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት፥ በኢትዮጵያ ቁጥር የሚል ቃል ካልተጨመረባቸው በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

በዱር ውስጥ ያለ የወደቀ ቅጥር ለታሪክ መርማሪ ምን እንደሚጠቅም ለመረዳት፥ አስቀድሞ ወደ ሌላ አገር ዘወር ማለት ይረዳል። በአውሮፓ በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት የታላቁ ካርል መንግሥት ከተከፋፈለ በኋላ፥ እያንዳንዱ የአውራጃ ጌታ ራሱን ለመጠበቅ አነስተኛ ምሽግ ይሠራ ነበር። ምሽጉ የድንጋይ ግንብ አልነበረም። ዙሪያውን ጒድጓድ ይቈፈራል፤ የወጣው አፈር ወደ ውስጥ ተቈልሎ ጉብታ ይሆናል፤ በጉብታው ላይ የእንጨት አጥርና የእንጨት ማማ ይቆማል። እንጨቱ በስብሶ ጠፋ፤ የጌታውም ስም ከብዙዎቹ ተረሳ። የቀረው ቦዩና ጉብታው ብቻ ነው። እነዚህም ቢሆኑ በተሻለ ሁኔታ ተጠብቀው የሚገኙት በዱር ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም በሜዳ ላይ የነበሩትን ማረሻ ከመሬት ጋር አስተካክሏቸዋል። ዱር የሚሰውረውን ያህል ይጠብቃል ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛም አገር ይሠራል፤ ልዩነቱ የእኛ ጥንታውያን በኢፋት ገደል ላይ እንጨትና አፈር ብቻ ሳይሆን እንደ ልብ የሚገኘውን ጥቍር ድንጋይ መጠቀማቸው ነው። የድንጋይ ግድግዳ ሲወድቅ የላይኛው ክፍል የታችኛውን ይሸፍነዋል። በላዩ አፈር ይከማቻል፤ በአፈሩ ላይ ቍጥቋጦ ይበቅላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው በዱር ውስጥ ሲሄድ፥ ቍጥቋጦው ቀጥ ባለ መስመር ተሰልፎ ካየ ከሥሩ ግድግዳ እንዳለ ይጠረጥራል።

ነገር ግን በዚያ አገር ድንጋይ የተደረደረበት ሁሉ ጥንታዊ ቤት አይደለም። ገበሬው አፈሩ እንዳይሸረሸርበት ተዳፋቱን ሁሉ በካብ አስሮታል። ካቡንና የቤቱን ግድግዳ የሚለየው ምልክት ቀላል ነው፤ ተማሪም ሊያውቀው ይችላል። የእርሻ ካብ አንድ ፊት ብቻ አለው፤ ጀርባው በአፈር ላይ ተደግፏል። የቤት ወይም የቅጥር ግድግዳ ግን ሁለት ፊት አለው፤ በሁለቱ ፊቶች መካከል ጠጠርና ጭቃ ይሞላበታል። ከዚህ በተረፈ የቤቱ ሥራ ምን እንደ ነበረ የሚነግረን አቅጣጫው ነው። መካ ከኢፋትና ከከሚሴ ሲታይ ከሞላ ጐደል በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። እንግዲህ በሰሜን ግድግዳው ላይ እንደ ቅስት የገባ ሥፍራ ያለው ፍርስራሽ ቢገኝ መስጊድ እንደ ነበረ ይገመታል፤ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ያዘነብል ነበርና። መቃብሩ ግን አሳሳች ነው። እስላም በቀኝ ጐኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ መካ እንዲሆን ስለሚቀበር በዚህ አገር ራሱ ወደ ምሥራቅ፥ እግሩ ወደ ምዕራብ ይሆናል። ክርስቲያን ደግሞ ራሱ ወደ ምዕራብ፥ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም መቃብሮች በአንድ መስመር ተዘርግተዋል፤ የሚለዩት ከአፈሩ በታች ነው። እንዲህ ያለ ግጥጥም ለጀማሪ ቈፋሪ ትልቅ ፈተና ነው።

የዚህ አገር ባለቤቶች እነማን ነበሩ? በብራና የተጻፈው እንዲህ ይላል። ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባሉት የኢጣሊያ ሊቅ በ1941 ያሳተሙት አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል፥ መኅዙሚ የሚባሉ ነገሥታት በሸዋ ምሥራቅ ይገዙ እንደ ነበር ይገልጻል። የመንግሥታቸውንም መጀመሪያ ትውፊቱ እስከ 9ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ወደ ኋላ ይስበዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት ግን እርስ በርሳቸው ተፋጁ። የመጨረሻው ሱልጣን ድልማራ በመከራው ጊዜ ወደ ዐማራው ንጉሥ ዘንድ መሄዱም በዚያው ይነበባል። ነገሩ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ጊዜው ዐፄ ይኵኖ አምላክ ከ1270 ጀምሮ የነገሡበት ዘመን ነውና፥ በደጋው ያለው ክርስቲያን መንግሥትና በቈላው ያለው የእስላም መንግሥት የሚገናኙት በጦር ሜዳ ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል። በመጨረሻ በ1285 የኢፋቱ ዑመር ወላስማ ሸዋን ጠቅልሎ ያዘ፤ የወላስማ ዘር መንግሥትም እንዲህ ከፍ አለ።

ከዚህ በኋላ ኢፋት በሩቅ አገር ሳይቀር ታወቀች። የግብጹ ጸሐፊ አል ዑመሪ በ14ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ በኢትዮጵያ ያሉትን ሰባት የእስላም መንግሥታት ሲቈጥር ኢፋትን በመጀመሪያ ያነሣታል፤ ፈረሰኛዋን 15,000፥ እግረኛዋን 20,000 ያደርሰዋል። ይህን የነገረው ለጉዳይ ወደ ካይሮ የመጣው የዘይላዕ ሊቅ ዐብዱላህ ስለ ነበር፥ የአገሩን ሠራዊት ቍጥር ትንሽ ከፍ ቢያደርገው አይፈረድበትም። ከሁሉ የሚጠቅመን ግን ሌላው ቃሉ ነው፤ የኢፋት ሰዎች ሐበሽኛና ዐረብኛ ይናገራሉ ብሏል። ይህን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በአገራችን በኩል ደግሞ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል አለ። በ1332 ሱልጣን ሰብረዲን በተነሣ ጊዜ፥ አብያተ ክርስቲያናቱን መስጊድ ሊያደርግ፥ በንጉሡም ከተማ በመርዐዴ ጫት ሊተክል መፎከሩን ይተርካል። ጫት በኢትዮጵያ ጽሑፍ ውስጥ ቀደም ብሎ ከተጠራባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ መሆኑ ይታወቃል። ዳሩ ግን ይህ ዜና መዋዕል የአሸናፊው ጸሐፊ የጻፈው ነው። ተማሪዎቻችን ስለ ኢፋት የሚያውቁት አብዛኛው ነገር ከዚህ ወገን የመጣ ስለ ሆነ፥ ኢፋት በአእምሯቸው ውስጥ ሁልጊዜ ጦር ይዛ የምትመጣ፥ ተሸንፋም የምትሄድ አገር ሆና ቀርታለች። ቤት ሠርታ፥ ገበያ አቁማ፥ ልጆቿን አስተምራ የኖረችው ኢፋት አትታይም።

ይህን ጐደሎ ሊሞላ የሚችለው ድንጋዩ ነበር፤ ግን ለረጅም ጊዜ ጠያቂ አላገኘም። በ1952 በፈረንሳይ መንግሥት ርዳታ የአርኬኦሎጂ ድርጅት በአገራችን ሲቋቋም፥ የመጀመሪያው ትጋት ወደ አክሱም፥ ወደ የሓና ወደ መጠራ ሄደ። ይህ ሊያስወቅስ አይገባም፤ ሐውልቱ የቆመበት አገር አስቀድሞ ዐይን መሳቡ የተፈጥሮ ነገር ነው። ከዚያ በፊት አባ አዛይስና ሻምባር በሐረርጌና በደቡብ ተዘዋውረው ያዩትን በ1931 አሳትመው ነበር። ከርል የተባለውም እንግሊዛዊ በ1937 በሶማሌ አገር ስላሉት የፈረሱ ከተሞች ሲጽፍ፥ ከቻይና የመጣ ሸክላና ከግብጽ የመጣ ገንዘብ በዚያ መገኘቱን ገልጾ ነበር። ከባሕሩ ዳር የተጫነው ዕቃ መድረሻ የት ነው ብሎ ወደ ኢፋት የወጣ ግን አልነበረም።

የወጡት በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። የፈረንሳይ ሊቃውንት ፍራንስዋ ዣቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ኢርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር፥ የአገሩን ሰዎች እየጠየቁ በገደሉ ሥር ባሉት ኰረብቶች ተዘዋውረው በ2006 የሦስት ከተሞችን ፍርስራሽ ለዓለም አስታወቁ፤ እነርሱም አስበሪ፥ መሳልና ኖራ ናቸው። ከሦስቱ በቁፋሮ ይበልጥ የታወቀችው ኖራ ናት። በኖራ የመስጊዱ ግድግዳ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ በዙሪያው በተዳፋቱ ላይ የቤቶቹ መሠረትና የመተላለፊያ መንገዶቹ ይታያሉ፤ መቃብሮቹም አሉ። ቈይቶም እነዚሁ መርማሪዎች በቤሪ ኢፋት የወላስማ ነገሥታትን የመቃብር ሥፍራ አገኙ፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ የዐረብኛ ጽሕፈትም በላዩ ላይ ተነበበ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከወረቀት በቀር ማስረጃ ያልነበረው ሥርወ መንግሥት እንግዲህ በስሙ የተጠራ ድንጋይ አገኘ።

በገደሉ አናት ላይ ደግሞ ሌላ ሕዝብ ነበር። በመንዝ የሻይ ወንዝ ባለበት አገር በ10ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት መካከል የተሠሩ ብዙ የአፈርና የድንጋይ ቍልሎች አሉ፤ ሊቃውንቱም በወንዙ ስም የሻይ ባህል ብለዋቸዋል። እነዚህ ምሽጎች ሳይሆኑ የባላባቶች መቃብሮች ናቸው። ጠጠር ጉር ከሚባለው ቍልል ውስጥ፥ የ10ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው፥ ከሙታኑ ጋር እጅግ ብዙ የብርጭቆ ዶቃ ወጥቷል። ሰዎቹ ክርስቲያንም እስላምም አልነበሩም። ሆኖም ዶቃው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ከባሕርም ወደ መንዝ የሚያወጣው መንገድ በኢፋት ኰረብቶች መካከል ያልፋል። እንግዲህ በአውሮፓ የአውራጃ ጌቶች የአፈር ጉብታቸውን ሲቈልሉ በነበረበት በዚያው ዘመን፥ በእኛም ገደል ላይ ከላይ አረመኔ ባላባት፥ ከታች የእስላም ነጋዴ፥ በሰሜን ደግሞ ክርስቲያን ካህን በአንድ የንግድ ክር ታስረው ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ከአንድ ዜና መዋዕል ይልቅ አንድ እፍኝ ዶቃ ይህን አስተማረን።

አሁን ወደ ሾንኬ እንመለስ። ሾንኬ በተራራ ራስ ላይ የተሠራች የአርጎባ መንደር ናት። ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፎ፥ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ የተሠራ ስለ ሆነ የዳርቻዎቹ ቤቶች ጀርባ ራሱ እንደ ቅጥር ያገለግላል። ጣራቸው ጠፍጣፋ ነው፤ በወፍራም አግዳሚ እንጨት ላይ ቀጫጭን እንጨት ይረበረባል፥ በዚያ ላይ አፈር ይደለደላል፤ በትግራይ ህድሞ የሚባለውን ቤት ያየ ሰው ዘዴው እንግዳ አይሆንበትም። ወደ አምባው የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ነው። መስጊድ አለ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዝናቸው በወሎ ሁሉ የተሰማው ሊቅ ሼኽ ጀውሃር ያስተማሩት በዚህ ስለ ነበር ለዝየራ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው።

አፈ ታሪኩ መንደሯ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሞልቷታል ይላል። ይህ ቍጥር በደፈናው ሊታመንም ሊናቅም አይገባም። የድንጋይ ቤት ዕድሜ እንደ ዛፍ ዕድሜ ከአንድ ቀን የሚቈጠር አይደለም፤ ጣራው በየጊዜው ይለወጣል፥ የፈረሰው ግድግዳ በአሮጌው መሠረት ላይ እንደ ገና ይካባል። ስለዚህ የዛሬው ቤት ወጣት፥ ሥፍራው ግን ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን የሚናገረው ከወለሉ በታች ያለው ዐመድና ፍም ነው። በሕይወት ያለ እንጨት ከአየር የሚቀበለው አንድ ዐይነት የካርቦን ንጥረ ነገር እንጨቱ ከሞተ በኋላ በታወቀ ፍጥነት እየቀነሰ ስለሚሄድ፥ የተረፈውን መጠን ለክቶ ፍሙ ከነደደ ስንት መቶ ዓመት እንደ ሆነ ማወቅ ይቻላል።

ታዲያ ሾንኬ ምሽግ ናት ወይስ ከተማ? ጥያቄው ከአውሮፓ የተዋሰ ይመስለናል። በዚያ የጌታው ግንብና የገበሬው ሠፈር ተለያይተው ይገኛሉ። እዚህ ግን ሁሉም በአንድ አምባ ላይ አብሮ ሠፍሯል። ሰውን ወደ ተራራ ያወጣው የጠላት ፍርሃት ብቻ አይመስልም። የጨፋ ሜዳ ረግረጋማ ነው፤ ወባ አለበት። በበጋ ደግሞ አፋሩም ኦሮሞውም አርጎባውም ከብቱን ይዞ ወደዚህ ሣር ስለሚመጣ፥ ሜዳው የማንም ቋሚ መኖሪያ ሊሆን አይመችም ነበር። የሚታረሰውን መሬት በቤት አለመያዝም ሌላ ብልኅነት ነው። ከአምባው ላይ የሚወጣውንና የሚወርደውን ቅፍለት ማየት ደግሞ ለነጋዴ ሕዝብ ትልቅ ጥቅም ነው። አርጎባ በንግዱ እስከ ቅርብ ዘመን የታወቀ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በአንኮበር ሥር የነበረው የአልዩ አምባ ገበያ ለዚህ ምስክር ነው። የኖራም አቀማመጥ፥ በተዳፋት ላይ በደረጃ የተሠሩት ቤቶቿም ሾንኬን ያስታውሳሉ። በኖራ ድንጋዩ ቀርቶ ሰው የለም፤ በሾንኬ ሰዉ ስላለ፥ ያ ጒድጓድ የምን ማስቀመጫ፥ ያ መደብ የማን መቀመጫ እንደ ሆነ ተጠይቆ ሊታወቅ ይችላል። ለሞተችው ከተማ አስተርጓሚዋ ሕያዊቱ ናት።

ደግሞም ቋንቋው አለ። አል ዑመሪ የኢፋት ሰዎች ሐበሽኛ ይናገራሉ ማለቱን አንሥተን ነበር። አርግብኛ ከአማርኛ ጋር የተዛመደ ሴማዊ ቋንቋ ነው። በሌሎች ቦታዎች ያሉ አርጎቦች አብዛኞቹ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ አዘንብለው ቋንቋቸውን ሲተዉ፥ በሾንኬና በጎረቤቷ በጦለሃ ግን አርግብኛው ቀረ። የሱልጣኖቹ ሐበሽኛ ይኸው ነው ብሎ መማል ያስቸግራል፤ ነገር ግን ያ ቋንቋ ሊሆን የሚችል ሌላ የሚቀርብ አይታየንም። ቅጥሩ ሕዝቡን ጠበቀ፤ ሕዝቡም ቋንቋውን።

የወላስማ ነገሥታት በ14ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ ከነገሥታቱ ጋር በነበረው ጦርነት ምክንያት መናገሻቸውን ወደ ሐረርጌ አገር አዛወሩ። በ1531 ኢማም አሕመድ በአንጾኪያ ድል አድርጎ ወደ ሰሜን አለፈ፤ ከዚያም ጦርነት በኋላ ኦሮሞ ወደ አገሩ ገብቶ ሠፈረና የዛሬው የሕዝብ አሠፋፈር ተጀመረ። ሕዝቡ በየሥፍራው ያገኘውን ፍርስራሽ ሁሉ ለግራኝ ዘመን መስጠቱ የተለመደ ነው፤ ያፈረሰውም እርሱ፥ የሠራውም እርሱ ይባላል። ይህ ልማድ የኢፋትን ከተሞች ይበድላል፤ ኢማሙ ሳይወለድ ብዙዎቹ የመቶ ዓመት ዕድሜ ነበራቸውና።

አሁን የሚያሳስበው ነገር ይህ ነው። ድንጋዩ የተዘጋጀ ስለ ሆነ አዲስ ቤት ለሚሠራ ወይም ካብ ለሚክብ ሰው ያጓጓል፤ ገበሬውን ማን ይከሰዋል፥ ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው? ዱሩም ለከሰል እየተቈረጠ ነው፤ ዱሩ ሲነሣ ዝናቡ ፍርስራሹን ያጥበዋል። በሾንኬ ደግሞ ውሃና ትምህርት ቤት፥ መንገድና ሕክምና ፍለጋ ብዙ ቤተ ሰብ ከአምባው ወደ ሜዳው ወርዷል፤ ይህም መብቱ ነው። ግን የአፈር ጣራ ቤት ሰው ካልኖረበት አይቆምም። በየክረምቱ መግቢያ ካልተደለደለ ውሃ ያስገባል፤ ከውስጥ ጢስ ካላጠነው ምስጥ አግዳሚውን ይበላዋል፤ አግዳሚው ሲሰበር ጣራው ወለሉ ላይ ይወድቃል፥ ግድግዳውም ከላይ ክብደት ስለሚያጣ ይከፈታል። በጥቂት ክረምት ሾንኬ ኖራን ትመስላለች ማለት ነው። በዚህም ላይ በ2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቁጥር አጣዬ በግጭት ስትቃጠል ያየነው፥ በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ እየተፈራራ ከገበያ የቀረበት ጊዜ፥ መርማሪውንም ከአገሩ አራቀው።

በከሚሴና በአካባቢዋ ያሉ መምህራን ገንዘብ ሳይወጣ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። ተማሪዎቻቸው በየቀበሌያቸው ያለውን የድንጋይ ቅጥር ስም፥ ሽማግሌዎች የሚተርኩለትን፥ የግድግዳውን አቅጣጫና አንድ ፊት ወይም ሁለት ፊት መሆኑን በደብተር ቢጽፉ፥ ፎቬልና ባልደረቦቹ ከኖራ በስተሰሜን ያልደረሱበትን አገር የሚያሳይ ካርታ ይወጣዋል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ አይቈፍሩ። ያለ መርማሪ የተቈፈረ ጒድጓድ የተቀደደ ገጽ ነው። በሾንኬ መቈፈር የሚገባው ቦታ የትኛው እንደ ሆነ የመንደሯ ሴቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ከዳገቱ በታች ዐመዱና የተሰበረው ሸክላ ለትውልድ የተደፋበት ቍልል ነው። የላይኛው የትናንት ነው። ከታችኛው ደግሞ ከኖራ ከወጣው ጋር የሚመሳሰል ገል፥ ከመንዝም ቍልል የወጣውን የሚመስል አንድ ዶቃ ቢገኝ፥ ዘጠኝ መቶ የሚለው የሽማግሌዎቹ ቃል በቍጥር ይመዘናል።